«እኛ» ተብሎ አይቀጠርም

እኛ ቤት ካልተጻፉት ሕጎች አንዱ «ሰው ራሱን አያሞግስም» የሚለው ነው። ሌላ ሰው ሲያመሰግንህ «ኧረ ምን ሠርቼ!» ትላለህ፤ ያረፈብህን ምስጋና እንደ አቧራ ከትከሻህ ላይ ታራግፋለህ። ራስህን በራስህ ካመሰገንክማ አለቀልህ፤ «ጉረኛ» የሚል ስም ይወጣልህና እስከ ልጅ ልጅህ ይከተልሃል። እኔ በምኖርበት ለንደን ከተማ ደግሞ ይህን ሕግ ካላፈረሱ በቀር የማይሞላ ቅጽ አለ። ትልልቆቹ የንግድ ሕግ ድርጅቶች ሠልጣኝ የሚቀበሉበት ማመልከቻ ነው። የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ቅጽና በኛ ልጆች መካከል ስላለው ጠብ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር «ሶሊሲተር» የሚባለው የሕግ ባለሙያ ለመሆን ዲግሪ ብቻ አይበቃም፤ ሁለት ዓመት ሥራ ላይ መሠልጠን ያስፈልጋል። በተለመደው አሠራር ሠልጣኙ ሁለቱን ዓመት ለአራት ይከፍልና ስድስት ስድስት ወር በተለያየ የሥራ ክፍል ይቀመጣል። እነሱም ይህንኑ «ወንበር» ይሉታል። አንዱ ወንበር የኩባንያ ግዢና ሽያጭ ነው፤ አንዱ የባንክ ብድር፤ አንዱ የፍርድ ቤት ክርክር፤ አንዱ የሕንፃና የመሬት ጉዳይ። ልብ በሉ፤ ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ጊዜ ሥራው ሊጀመር ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ልጁ ገና ተማሪ ሳለ፣ ጢሙ እንኳ በቅጡ ሳይወጣ፣ ሦስት ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ለምን የንግድ ሕግ? ለምን የእኛ ድርጅት? ለምን አንተ? ሦስተኛዋ ናት ጉዱ።

«ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? አንዱ ቢቀር ሌላ ሥራ ይፈለጋል» የሚል ይኖራል። ጭንቀቱ የገንዘብ ነዋ! ልጁ ከገባ ትልልቆቹ ድርጅቶች የፈተናውንና የዝግጅት ትምህርቱን ክፍያ ይሸፍኑለታል፤ መኖሪያም ይደጉሙታል። ካልገባ ከኪሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረው አዲሱ የሶሊሲተሮች ፈተና፣ በአጭሩ «ኤስ ኪው ኢ» የሚሉት፣ ሲጀመር የፈተናው ዋጋ ብቻ 3,980 ፓውንድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። የዝግጅት ኮርሱ ሌላ ሒሳብ ነው። አባቱ ባለሀብት የሆነ ልጅ ቢወድቅ አባቱ ይከፍልለታል። እናቱ ሌሊት ሌሊት ቢሮ የምታጸዳ ልጅ ቢወድቅ ግን ያ በር ለዓመታት ሊዘጋበት ይችላል። እንግዲህ በአንድ ቅጽና በአንድ ሰዓት ጨዋታ የሚወሰነው ይህን የሚያህል ነገር ነው።

ቅጹን ያለፈ ፈተና ይጠብቀዋል። ብዙዎቹ ድርጅቶች «ዋትሰን ግሌዘር» የተባለውን የማመዛዘን ፈተና ይጠቀማሉ። በአንደኛው ክፍሉ አጭር ጽሑፍ ይሰጥና ከሥሩ ድምዳሜዎች ይደረደራሉ። ተፈታኙ እያንዳንዱን ድምዳሜ «እውነት»፣ «ምናልባት እውነት»፣ «በቂ መረጃ የለም»፣ «ምናልባት ሐሰት»፣ «ሐሰት» ከሚሉት በአንዱ ይፈርጃል። እስቲ በእኛ መንደር «በቂ መረጃ የለም» ተብሎ የቆመ ወሬ ታውቃላችሁ? ቀልዱ ይቆየንና፣ ልጆቻችን ይህን ፈተና ተለማምደው ይወጡታል። በቁጥር የሚመጣ ነገር አያስፈራቸውም።

ከዚያ የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ይመጣል። ጠያቂ የለም፤ ጥያቄው ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል፣ ለማሰቢያ ጥቂት ሰኮንድ ይሰጣል፣ ካሜራው ይበራል፣ ተናገር ነው። የራሱ ክፍል፣ የራሱ ጠረጴዛና ከኋላው የመጻሕፍት መደርደሪያ ላለው ልጅ ይህ ቀላል ነው። አራት ሰው በሁለት መኝታ ክፍል ለሚኖርበት የካውንስል ቤት ልጅ ግን ታናሽ ወንድም በአንድ በኩል ፕሌይ ስቴሽን ይጫወታል፤ እናት በሌላ በኩል ቡና ይቆላሉ፤ ልጁ «ትልቁ ጥንካሬዬ» ብሎ ሲጀምር የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል።

ይህንንም ያለፈ ለአንድ ቀን ሙሉ ምዘና ይጠራል። የቡድን ውይይት አለ፤ የጽሑፍ ሥራ አለ፤ ከድርጅቱ ሸሪኮች ጋር ቃለ መጠይቅ አለ፤ ከነባር ሠልጣኞች ጋር ምሳ አለ። «ምሳው አይመዘንም» ይላሉ። እንግዲህ ማመን ነው።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን በአንድ የማኅበረሰባችን ማኅበር ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቹ የልምምድ ቃለ መጠይቅ ሲዘጋጅ ጠያቂ ሆኜ እቀመጣለሁ። ጥያቄዎቹ የታወቁ ናቸው። ካየኋቸው ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣችውን የአንዲት ልጅ ነገር ላጫውታችሁ። የሕግ ተማሪ ናት፤ ውጤቷ የሚያስቀና ነው።

«በቡድን ሠርተሽ ውጤት ያመጣሽበትን አጋጣሚ ንገሪኝ» አልኳት።

«ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ነፃ የሕግ ምክር የምንሰጥበት ክሊኒክ አለ። ተከራዮችን እንረዳ ነበር። አንድ ጊዜ የአንዲት ሴትዮ ጉዳይ መጣልንና ደብዳቤ ጻፍን፤ ገንዘባቸውን አስመለስንላቸው።»

«ጥሩ። አንቺስ ምን ሠራሽ?»

«ያው አብረን ነው የሠራነው፣ ጋሼ።»

«አከራዩ ጥፋተኛ መሆኑን ማን አወቀ?»

ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። «እኔ ነኝ ያየሁት» አለች፣ የሰረቀች ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አከራዩ ከሴትዮዋ የተቀበለውን የመያዣ ገንዘብ በ30 ቀን ውስጥ በታወቀ የጥበቃ ተቋም ማስመዝገብ ነበረበት፤ አላስመዘገበም። ይህን ያገኘችው እሷ ናት። ደብዳቤውንም የጻፈችው እሷ ናት። ሌሎቹ ምን ሠሩ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ፊርማቸውን ያኖሩ ይመስለኛል።

«ከዚህ ሌላ የሥራ ልምድ አለሽ?»

«ምንም የለኝም።»

ልምምዱን አቆምንና ሻይ እየጠጣን ስናወራ የቤቷ ነገር ወጣ። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ የቤቱን ደብዳቤ የምታነበው እሷ ናት። የካውንስሉ፣ የመብራቱ፣ ክሮይደን ካለው ሆም ኦፊስ የሚመጣው፣ ሁሉም በእሷ እጅ ያልፋል። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት የእናቷ ድጎማ ተቋረጠ የሚል ደብዳቤ መጣ። እናት ያለቅሳሉ፤ ልጅት ገጹን ገልብጣ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ታነባለች። ውሳኔው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ የሚቻለው በአንድ ወር ውስጥ ነው ይላል። ቀኑን ቆጠረች፤ ጻፈች፤ ድጎማው ተመለሰ። ይህችን ልጅ ነው «የሥራ ልምድ የለኝም» ስትል የሰማኋት!

ለመሆኑ የንግድ ጠበቃ ሥራ ምንድን ነው? ረጅምና አሰልቺ ሰነድ ማንበብ ነው፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለባትን አንዲት ዓረፍተ ነገርና አንዲት ቀን ፈልጎ ማግኘት ነው፤ ከዚያ ለተጨነቀ ደንበኛ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ነው። ልጅቷ ይህን ስትሠራ አሥር ዓመት አልፏታል። ደንበኛዋ እናቷ ስለሆኑና ክፍያው ፍትፍት ስለነበር ብቻ «ልምድ» የሚል ስም አላገኘም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሕፃንን አስተርጓሚ ማድረግ ደግ ነው አላልኩም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የእናቷን ሕመም ለሐኪም እየተረጎመች መሸማቀቅ የለባትም። ሸክም ነው፤ ልጅነትን ይበላል። ግን ሸክሙን አንዴ ከተሸከመችው፣ ጉልበቱንም እንዳገኘችበት ሊታወቅላት ይገባል። ሸክሙን ሰጥተን ጉልበቱን መንሳት ሁለተኛ በደል ነው።

የንግድ ዓለም ግንዛቤ የሚሉት ነገርም እንዲሁ ነው። ጠያቂዎቹ «የተከታተልከውን አንድ የንግድ ስምምነት አስረዳ» ማለት ይወዳሉ። ልጆቻችን «ፋይናንሻል ታይምስ» ላይ ያነበቡትን ሸምድደው ይሄዱና፣ ጠያቂው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ሲገባባቸው ይጠፋቸዋል። እኚሁ ልጆች ግን እቁብ ሲሰበሰብ እያዩ ያደጉ ናቸው። ቀድሞ የሚወስድ ሰው ለምን ዋስ እንደሚጠየቅ ያውቃሉ፤ ዕጣውን በልቶ የጠፋ ሰው ማንን እንደሚያስከፍል ያውቃሉ፤ ሰብሳቢው ከታማ እቁቡ በአንድ ሳምንት እንደሚፈርስ ያውቃሉ። ብድር፣ ዋስትና፣ የመክፈል አቅም፣ መተማመን፤ የባንክ ብድር ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሠልጣኝ የሚማረው ይህንኑ አይደል እንዴ? ልዩነቱ የገንዘቡ ብዛትና የወረቀቱ ውፍረት ነው። ይሁንና እስካሁን ቃለ መጠይቅ ላይ እቁብን የጠቀሰ ልጅ አልገጠመኝም። ያፍሩበታል።

አንዳንዶች «ባህላችን ትሕትና ነው፤ ምን ይደረግ» ይላሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። ፉከራ የማን ነው ታዲያ? ጀግናው ግብር ላይ ተነሥቶ በዚህ ዘምቼ፣ ይህን ጥዬ፣ ይህን ማርኬ እያለ አንድ በአንድ ሲቆጥር «እኛ» አይልም፤ «እኔ» ነው የሚለው። በጥንቱ ችሎት «ተጠየቅ!» እያለ በበላ ልበልሃ የሚሟገተው ሰውዬስ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ነበር? አገሩ ሁሉ የሚያደንቀው አንደበቱን ነበር። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉትም የራሳችን ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ባህላችን ራስን መግለጥን አልከለከለም፤ ማን እንደሚገልጥ ነው የወሰነው። ለወንዱ፣ ለትልቁ፣ ለባለ ማዕረጉ ተፈቀደ፤ ለልጅ፣ ለሴት ልጅ ደግሞ በተለይ «አንገትሽን ድፊ» ተባለ። ትሕትና ብለን ከምንጠራው ነገር ግማሹ ይሄ ነው።

በፉከራና በቅጹ መካከል ግን አንድ እውነተኛ ልዩነት አለ፤ እሱን አልክድም። ፋካሪው የሚናገረው ጦር ሜዳ አብረውት በነበሩት ሰዎች ፊት ነው፤ ቢዋሽ «ያን ጊዜ የት ነበርክ?» ይሉታል። ቅጹ ግን ምስክር የለውም። ሦስት ሰው የሠራውን አንድ ጉረኛ ጠቅልሎ ወስዶ ቢጽፈው ማን ያውቅበታል? ቅጹ በሠራ ሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በሚያወራ ሰውም ላይ በሩን ይከፍታል።

ወደ ድርጅቶቹ ልምጣ፤ ጥፋቱ ከእኛ ብቻ አይደለምና። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 የእንግሊዝ መንግሥት የማኅበራዊ ዕድገትና የሕፃናት ድህነት ኮሚሽን አንድ ጥናት አውጥቶ ነበር። የተጠኑት 13 ስመ ጥር የሕግ፣ የሒሳብና የፋይናንስ ድርጅቶች ናቸው። በ2014 ከሰጡት የሥራ ዕድል እስከ 70 በመቶ የሚደርሰው የሄደው መርጠው በሚቀበሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችና በከፋይ ትምህርት ቤቶች ለተማሩ ነበር። በአገሪቱ ግን እነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በቅደም ተከተል 4 በመቶና 7 በመቶውን ብቻ ነው። ጥናቱ እንዳገኘው ጠያቂዎቹ «ተሰጥኦ» ብለው የሚመዝኑት ነገር ውስጥ የንግግር ቅላጼው፣ በራስ መተማመኑ፣ የጎበኘው አገር ብዛት ሁሉ ገብቶበታል። ጋዜጦቹም የስም ነገር አይከብዳቸውምና «የጌታ ልጅነት ፈተና» ልንለው የምንችል ስም አወጡለት። በዓመቱ ስለ ኢንቨስትመንት ባንኮች የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ይባስ ብሎ፣ ከሙሉ ልብስ ጋር ቡናማ ጫማ ማድረግ ወንድ አመልካችን ሊያስጥለው እንደሚችል ነገረን። ወይ ጉድ! በጫማ ነው የምንወድቀው?

ያላሻሻሉት ነገር የለም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። ክሊፎርድ ቻንስ የተባለው ትልቅ ድርጅት፣ በመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ላይ ጠያቂዎቹ አመልካቹ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደተማረ እንዳያዩ ማድረጉን እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ጋዜጦች ዘግበዋል። ዛሬ ብዙ ድርጅቶች የአመልካቹን ውጤት ካደገበት ሁኔታና ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ጋር አዛምደው ያያሉ። ቅጹ ላይ «14 ዓመት ሲሆንህ የቤቱ ዋና ገቢ አምጪ ሥራው ምን ነበር?»፣ «ትምህርት ቤት ነፃ ምሳ ታገኝ ነበር?»፣ «ወላጆችህ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል?» የሚሉ ጥያቄዎች የሚገኙት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ጥፋት የሚጀምረው። እነዚህ ጥያቄዎች ልጁን ለመርዳት የተጻፉ ሆነው ሳለ ወላጅ እንደ ስድብ ያያቸዋል። አንድ አባት ልጃቸውን «ነፃ ምሳ በላሁ ብለህ ጻፍክ? አዋረድከን እኮ!» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሌላዋ እናት «የአባትሽን ሥራ ሲጠይቁሽ ቢዝነስ በይ» ብለዋል፤ አባት የሌሊት ጥበቃ ናቸው። ቅጹም ቢሆን የእኛን ሕይወት ሙሉ በሙሉ አይዝም። አገር ቤት መምህር የነበረ፣ ለንደን ላይ ጥበቃ የሆነ አባት የትኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል? «ዩኒቨርሲቲ ገብቷል» የሚለው ላይ ምልክት ሲደረግ ልጁ የምሁር ቤት ልጅ ይመስላል፤ የቤቱን ኪራይ ግን ማንም አያይም። ቢሆንም ቅጹ ጎደሎ ስለሆነ መዋሸት መፍትሔ አይደለም። ለጎረቤት ክብር ሲባል የልጅን ዕድል መደበቅ ክብር አይባልም።

«ደንበኛ ፊት የሚቀርብ ጠበቃ ዓይን አፋር ሊሆን አይገባውም፤ ድርጅቶቹ ምን አጠፉ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ትክክል ነው። ጠበቃ መናገር አለበት። ግን ጥርት አድርጎ መናገርና እንደ ባለጠጋ ልጅ መናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ማንም ሊማረው ይችላል፤ ሁለተኛው የሚወረስ ነው። ድርጅቱ የመጀመሪያውን ፈልጎ ሁለተኛውን ከመዘነ የተጎዳው ራሱም ነው፤ ድጎማ የምታስመልስ ልጅ አምልጣዋለችና። ጠያቂው «ቤት ውስጥ የተሸከምሽው ኃላፊነት አለ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ቢጨምር ምን ይጎድልበታል?

ልጅቷ ያን ዓመት ካመለከተችባቸው ድርጅቶች አልተሳካላትም። ከአንዱ የደረሳት መልስ «ከአመልካቾች ብዛት የተነሣ ምክንያቱን ለመግለጽ አንችልም» የሚል ነበር። ሰው ወራት የደከመበትን ቅጽ በአንድ መስመር መመለስ ከተጠያቂነት መሸሽ ነው እላለሁ። አሁን በአንድ ትንሽ ቢሮ ፓራሊጋል ሆና ትሠራለች። አዲሱ ሥርዓት እስከ አራት በሚደርሱ ቦታዎች የተሠራን ሥራ ደምሮ ሁለቱን ዓመት ለመሙላት ስለሚፈቅድ በዚያ በር ለመግባት እየሞከረች ነው። የፈተናውን ገንዘብ በምን እያጠራቀመች መሰላችሁ? በእቁብ!

አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች «የለንደን ቅጽ ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ይመጣላችኋል። እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ጥብቅና በአገራችን በመሠረቱ የግለሰብ ሥራ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ የፈቀደው። ድርጅት ካለ ሠልጣኝ ይኖራል፤ ሠልጣኝ ካለ ቅጽና ቃለ መጠይቅ ይኖራል። ያኔ በአዲስ አበባ ውድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛውን አለስልሶ የመጣው ልጅና ከወረዳ ከተማ በመንግሥት ትምህርት ቤት አልፎ የመጣው ልጅ አንድ ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ምናልባት ፍርድ ቤት በር ላይ ከራፖር ጸሐፊ ጎን ተቀምጦ የሰው አቤቱታ ሲገለብጥ ያደገ ይሆናል። ጠያቂው የሚሰማው እንግሊዝኛውን ብቻ ከሆነ የእንግሊዞቹን ስሕተት በዋናው ቅጂ አስመጣን ማለት ነው። እነሱ ጥናት አውጥተው፣ አፍረው፣ ለማረም የሚታገሉትን እኛ ገና ስንጀምር ለምን እናነሣዋለን?

ለልጆቹ የምለው አጭር ነው። «እኛ» ማለት ደግ ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን እኔም አምናለሁ። ግን ከሃምሳው አንዷን ሎሚ ማን እንደያዘ ሲጠየቅ መልስ መስጠት ጉራ አይደለም፤ ምስክርነት ነው። ሌላው የሠራውን የሌላው ነው በሉ፤ የራሳችሁን የራሳችን ነው በሉ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ለሕግ ሰው ደግሞ ከእውነት የተሻለ መከላከያ የለውም።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ልጅቷ እንግዳ ፊት «ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ስትል በዓይናችሁ አትገሥጿት፤ «ምን ጉረኛ ልጅ ነው ያሳደግኩት» ብላችሁም ይቅርታ አትጠይቁላት። ደብዳቤውን የጻፈችው እኮ እሷው ናት!